ባንዲራውን ወደ መጨረሻ አቆዪው፦ የስፖርት ፊልም መሥራት ለምትፈልግ የደብረ ማርቆስ ተማሪ

ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የሦስተኛ ዓመት የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ነሽ። መካከለኛ ርቀት ትሮጪ ነበር፤ ጉልበትሽ እንቢ ሲልሽ አቆምሽ። አሁን ጓደኞችሽ ልምምድ ሲሠሩ በስልክሽ ትቀርጫቸዋለሽ። ትምህርቱን ትተሽ አዲስ አበባ ገብተሽ ፊልም ልትማሪ አስበሻል። አባትሽ ደግሞ "ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?" ይሉሻል። መጨረሻ ላይ እንዲህ ብለሽ ጠየቅሽኝ፦ "የአንድ ሰው ሩጫ በፊልም ሲታይ እንዴት ነው የአገር ኩራት የሚሆነው? እኔ ስሞክረው ባንዲራና ሙዚቃ ብቻ ይሆንብኛል።"

ከትምህርቱ ልጀምር። አታቋርጪ። ይህን የምለው ለክፉ ቀን የሚሆን ወረቀት ይኑርሽ ብዬ ብቻ አይደለም። አሁን የምትማሪው ራሱ ለፊልሙ ያስፈልግሻል። ካሜራ መያዝ የሚችል ወጣት ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ሞልቷል። ሯጭ መድከም ስትጀምር ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ከፍ ከፍ እንደሚል አውቆ የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው። ምሩፅ ይፍጠርን አስቢው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣው ሰው "ማርሽ ቀያሪው" የተባለው መጨረሻው ላይ ድንገት ስለሚፈጥን ነው። እንዲህ ያለ ሯጭ ማርሹን ከቀየረ በኋላ ካሜራሽን ብታዞሪ የምታገኚው ጀርባውን ነው። ከመቀየሩ በፊት ፊቱ ላይ መሆን አለብሽ። ለዚህ ደግሞ ሩጫን ከውስጥ ማወቅ ይጠይቃል። አንቺ ታውቂዋለሽ። ያቆመሽ ጉልበት ያስተማረሽን አልወሰደብሽም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አይክፋሽ፤ ሥራሽን የሚወስነው ይሄ ነው።

ጃፓናዊው ዳይሬክተር ኮን ኢቺካዋ እ.ኤ.አ. የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ቀርጾ በ1965 ፊልሙን አወጣ። ያሠሩት ባለሥልጣናት ከጦርነት ፍርስራሽ የተነሳችውን ጃፓን፣ ድሏንና አዳዲስ ሕንፃዎቿን ማየት ፈልገው ነበር። እሱ ግን ሰው ላይ አተኮረ። ላብ፣ የተላጠ እግር፣ ውሃ የሚያነሳ እጅ፣ ተመልካች ውስጥ ያለች ሴት ፊት። አንዳንድ ባለሥልጣናት ተቆጡ። ዛሬ ግን ያ ፊልም ከታላላቆቹ የስፖርት ዘጋቢ ፊልሞች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የጃፓንንም ክብር ከማንኛውም መግለጫ በላይ ተሸክሞታል።

በዚያ ፊልም ውስጥ የእኛ አበበ ቢቂላ አለ። ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ካሜራው ከሩቅ ፊቱን ስቦ ያመጣዋል፤ እርምጃው በዝግታ ይታያል። ፊቱ አይኮሳተርም፣ አይለምንም። ጎኑን አያይም። ማንም "ይህ የኢትዮጵያ ልጅ ነው" እያለ አይጮህበትም። ሆኖም ያ ዝምታ፣ ያ ጭምትነት የማን እንደሆነ አባትሽን ብትጠይቂያቸው ወዲያው ይነግሩሻል። ጎጃም ውስጥ ስንት ገበሬ ሽቅብ ሲወጣ ፊቱ እንዲህ ነው! ኩራቱ የመጣው ከዚያ ነው፤ የምናውቀውን ጠባይ የዓለም አደባባይ ላይ ስናየው።

እዚያው ፊልም ውስጥ ከቻድ የመጣ አንድ ሯጭም አለ። አህመድ ኢሳ ይባላል፤ 800 ሜትር ሯጭ ነው። አገሩ ነፃ ከወጣች ገና 4 ዓመቷ ነበር። ሜዳሊያ አላገኘም። ዳይሬክተሩ በመመገቢያ አዳራሹ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲበላ አሳየው። አንዲት አዲስ አገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ስትሆን ምን እንደምትመስል ከዚያ ትዕይንት በላይ የሚነግረኝ አላየሁም። እባክሽ ፈልገሽ ተመልከቺው። ድምፁን አጥፍተሽም ደግሚው።

ከሰው ፊት ቀጥሎ ሁለተኛው ነገር ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ አበበ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ምሽት ነበር፤ ወታደሮች መንገዱ ላይ ችቦ ይዘው ቆመዋል። ሩጫው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የሚታለፈው ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ነቅለው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ነበር። የሞሮኮውን ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው እዚያው አካባቢ ነው። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ይህን ታሪክ የምትሠሪ ዳይሬክተር ብትሆኚ ምን ትጨምሪበታለሽ? እኔ ምንም አልጨምርም። ሐውልቱን፣ ባዶ እግሩን፣ ችቦውን ብቻ አሳያለሁ። ተመልካቹ የቀረውን ይጨርሰዋል።

የኃይሌ ገብረሥላሴም ፊልም አለ፤ ራሱ ኃይሌ ራሱን ሆኖ የተወነበት። ኃይሌ ሲሮጥ ግራ ክንዱን ጠበቅ አድርጎ እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። ልጅ ሆኖ ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ከመሮጥ የቀረ ነው። ያ ክንድ የአንድ አትሌት ነው፤ ግን በጠዋት ኪሎ ሜትሮች አቆራርጦ ትምህርት ቤት የሚደርስ የገጠር ልጅ ሁሉ ክንድ ነው። የአንቺም ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምልሽ አለ። የአገር ኩራት በፊልም ሲሠራ ቶሎ ጠላት ፍለጋ ይገባል። አያስፈልግም። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ሁለተኛ የወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ነበረች፤ አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ለረጅም ዓመታት ታግዳ የተመለሰችበት ኦሊምፒክ ነው። ሁለቱ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደራርቱ በዚያ ቀን ያነሰ ኢትዮጵያዊት አልነበረችም። እንዲያውም እኛን እኛ የሚያሰኘን እንግዳ አቀባበል አብሯት እየዞረ ነበር። ጎጃም ዛሬ ያለችበትን ሁኔታ እያየሁ፣ ይህንን ትዕይንት ለወጣት ፊልም ሠሪዎች ሁሉ ባሳይ እወዳለሁ።

ታዲያ አንቺ ምን ትቀርጪ? ደጃፍሽ ላይ ያለውን። የገና ጨዋታን አስቢ። ሩሩ፣ የተቆለመመው ዱላ፣ የሁለቱ ወገን ጩኸት። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚባልበት ሜዳ ለፊልም ስንት ነገር አለው! እንጅባራ ላይ ጥር 23 የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ሰው ሁሉ ግልቢያውን ነው የሚቀርጸው። አንቺ ግን ዋዜማውን ብትቀርጪ ይሻላል፤ ፈረሱ ሲታጠብ፣ ኮርቻው ሲጫን፣ አባት ለልጁ ልጓም አያያዝ ሲያሳይ።

ለመጀመሪያ ሥራሽ ግን እዚያው ያለችውን አንዲት ሯጭ ምረጪ። ከ10 ደቂቃ አይበልጥ። ውድድሯን ሳይሆን ልምምዷን ተከተዪ። ከሩጫ በፊት ቤት ውስጥ ምን ትሠራለች? ውሃ ትቀዳለች? ጫማዋን ማን ገዛላት? ስልክሽን ቁመቱን ሳይሆን ወርዱን ያዢው። ትንሽ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ግዢ፤ ምስልሽ ጥራት ቢያንሰው ሰው ይታገሥሻል፣ ድምፅሽ ከተበላሸ ግን ይዘጋዋል። ትንፋሿ ጥርት ብሎ ይሰማ። ሙዚቃ እንዳታስገቢበት። ባንዲራም ከፈለግሽ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ያውም በእውነት በቦታው ካለ። ልጅቷ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች የወላጆቿን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለአንድ ቀረጻ ብለሽ ራስሽንም እሷንም አደጋ ላይ አትጣዪ። ግቢው ውስጥ ያለው ትራክ ይበቃል።

ስለ እንጀራው ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። የስፖርት ፊልም ብቻውን መጀመሪያ ላይ አያበላም። ስለዚህ ጎን ለጎን የሚከፈልሽን ያዢ። ሠርግና ምርቃት መቅረጽን አትናቂ፤ የማይደገም ቅጽበት ማደን የምትለምጂው እዚያ ነው። የዩኒቨርሲቲሽ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ስፖርት ውድድሮችን መቅረጽ እንደምትችዪ ይወቅ። ክለቦች ለማኅበራዊ ገጻቸው አጫጭር ቪዲዮ ይፈልጋሉ። ባሕር ዳር የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) አለ፤ የስፖርት ክፍሉ ውስጥ የተግባር ልምምድ ጠይቂ። ስትሄጂ ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ያቺን አጭር ፊልም ይዘሽ ሂጂ። ከምረቃ በኋላ የስፖርት መምህርነት ቢገኝም ግቢ። ደመወዙ ካሜራ ይገዛል፣ ተማሪዎችሽ ደግሞ ታሪክ ናቸው። ፊልም መማሩን የዚያን ጊዜ በማስተርስ ደረጃ አስቢበት።

አባትሽን አትጋፊያቸው። የሚፈሩት ለአንቺ ነው። ከእናንተ ብዙም በማይርቀው ደብረ ኤልያስ የተወለደውን ዮፍታሔ ንጉሤን ንገሪያቸው። ከቅኔ ቤት ወጥቶ የቴአትር ደራሲ ሆነ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ቤት ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከዚያ "ዲግሪዬን እጨርሳለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ልቅረጽ" በያቸው። የሚቃወሙሽ አይመስለኝም።

ሯጯን ከመረጥሽ በኋላ ስለ እሷ አንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ። ስለ ሜዳሊያ ምኞቷ ሳይሆን ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ መጀመሪያ ስለምታደርገው ነገር ጻፊልኝ።