የተበጠሰ መጎተቻ ገመድ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ጀልባ ስለመጎተት ናቸው። ሞተሩ ውኃ ላይ የቆመበትን ጀልባ ሌላው ጎትቶ ወደ ዳር ሲያመጣው ማንም እንደ አደገኛ ሥራ አይቆጥረውም፤ ገመዱ እስኪበጠስ ድረስ። ተቀራራቢዎቹን ጥያቄዎች አጠጋግተን እንመልሳለን።

«የጓደኛዬን ጀልባ ስጎትት ገመድ ሁለት ጊዜ ተበጥሶብኛል። ሁለቱም ጊዜ የተበጠሰው ገና ስንነሳ ነው፤ ጉዞ ከያዝን በኋላ ምንም አይሆንም። ገመዱ አዲስ ነው፣ 12 ሚሊ ሜትር ፖሊስተር፣ ቀረብ አድርገን በ5 ሜትር ያሰርነው። ወፍራም ልግዛ?» (የጀልባ ነጂ፣ ባሕር ዳር)

ወፍራም ከመግዛትዎ በፊት ርዝመቱን ይጨምሩ። 2 ቶን የሚመዝን ጀልባ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር በእርጋታ ሲጎተት ገመዱ ላይ የሚያርፈው ጭነት ብዙ ጊዜ 100 ኪሎ እንኳ አይሞላም። የእርስዎን ገመድ የሚበጥሰው መንጨቁ ነው። ገመዱ ላልቶ ሳለ የእርስዎ ጀልባ ፍጥነት ይይዛል፤ ከዚያ ገመዱ በድንገት ይወጠርና የቆመውን ጀልባ በቅጽበት እንዲያስነሳ ይገደዳል።

በቁጥር እንየው። ሁለቱም ጀልባዎች ከነጭነታቸው 2 ቶን ይሁኑ፤ ገመዱ በሚወጠርበት ቅጽበት የእርስዎ በሴኮንድ 2 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ይሁን። በ1 ቶን ጉተታ 5 በመቶ የሚለጠጥ 5 ሜትር ገመድ ላይ የሚደርሰው ከፍተኛ ጭነት 1.3 ቶን ያህል ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 3 ሜትር ከሆነ 1.9 ቶን ይደርሳል። 12 ሚሊ ሜትር ፖሊስተር አዲስ ሲሆን የሚበጠሰው በ2.3 ቶን ገደማ ነው፤ ቋጠሮ ሲኖርበት ግን ወደ 1.4 ቶን ይወርዳል። ስለዚህ ገመዱ የተበጠሰው ጉድለት ኖሮበት ሳይሆን ከአቅሙ በላይ ስለተነጨቀ ነው።

ያንኑ ገመድ 20 ሜትር ቢያደርጉት በሴኮንድ 2 ሜትር የሚደርሰው ምንጨቃ በግማሽ ቀንሶ 640 ኪሎ ይሆናል። ርዝመት በአራት እጥፍ ሲጨምር ጭነቱ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። በ1 ቶን 10 በመቶ የሚለጠጥ 20 ሜትር ናይሎን ቢጠቀሙ ደግሞ 450 ኪሎ ብቻ ነው። ፍጥነትን በግማሽ መቀነስም ጭነቱን በቀጥታ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ይህኛው ምንም ወጪ የለውም።

አነሳሱ እንዲህ ይሁን፦ ገመዱ ከታሰረ በኋላ ሞተሩን ማርሽ ውስጥ አስገብተው ወዲያው ያውጡት፣ ጀልባው በራሱ ይንሳፈፍ። ገመዱ ከውኃው ቀስ ብሎ ይነሳል። ሊወጠር ሲል እንደገና ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ማርሽ፣ ከዚያ ባዶ። ገመዱ ሳይነጭቅ ከተወጠረና የኋላው ጀልባ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ብቻ ነዳጅ ይጨምሩ። ጣና ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ የከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። አንዱ ጀልባ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል የሚሄድ ከሆነ ምንጨቃው በእያንዳንዱ ሞገድ ይደጋገማል። ሁለቱም ሞገዱን እኩል እስኪወጡና እኩል እስኪወርዱ ድረስ ገመዱን ይልቀቁ፤ በሞገዶቹ መካከል 15 ሜትር ካለ 30 ሜትር ገመድ ማለት ነው። የሚጎተተው ጀልባ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ ሰዎቹ ወደ ኋላ ይቀመጡ፣ ሞተሩም ውኃ ውስጥ ወርዶ ቀጥ ብሎ ይቆይ፤ እንደ መቅዘፊያ ያገለግላል።

«ገመድ እኮ ቀላል ነገር ነው። ሲበጠስ ሰው ይገድላል የሚባለው እንዴት ነው? ለተማሪዎቼ በስሌት ላሳያቸው እፈልጋለሁ።» (የፊዚክስ መምህር፣ ጎንደር)

ለክፍል የሚመች ስሌት ነው። 20 ሜትር ናይሎን በ1 ቶን፣ ማለትም በ10,000 ኒውተን ገደማ ተወጥሮ 2 ሜትር ተለጥጧል እንበል። ገመዱ ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት የኃይሉና የልጥጠቱ ብዜት ግማሽ ነው፦ 10,000 ጁል። 1 ቶን የምትመዝን መኪና በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ያላት ጉልበት ይህን ያህል ነው። ገመዱ ግን ክብደቱ 1.8 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ግማሹ ጉልበት ወደ ሙቀት ተቀይሮ ቢጠፋ እንኳ የቀረው 5,000 ጁል 1.8 ኪሎ ሲያስፈነጥር ፍጥነቱ በሴኮንድ 75 ሜትር፣ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሃያውን ሜትር ለመጨረስ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። ሰው ድምፁን ሰምቶ ራሱን ዝቅ ለማድረግ ይህ ጊዜ አይበቃውም።

ከዚህ የሚከፋው የሚበጠሰው ገመዱ ሳይሆን የታሰረበት ብረት ሲነቀል ነው። ከዚያው ጉልበት አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 1,000 ጁል፣ 1 ኪሎ ለሚመዝን ማሰሪያ ብረት ቢደርሰው ብረቱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይወረወራል። ብዙ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ይህ ብረት ስስ ፋይበርግላስ ላይ በሁለት ብሎን ብቻ የተያዘ ነው፤ ከሥሩ ጭነቱን የሚያሰራጭ ሰፊ ጠፍጣፋ ብረት የለውም። እጅዎን ከስር ሰደው ይዳስሱት፤ ከብሎኑ ጀርባ ትንሽ ቀለበት ብቻ ካገኙ ለመጎተቻ አይሆንም።

ተማሪዎችዎ ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በ1 ቶን 1 በመቶ ብቻ የሚለጠጥ እንደ ዳይኒማ ያለ ገመድ በዚያው ርዝመትና ጭነት የሚያጠራቅመው 1,000 ጁል ነው፣ የናይሎኑ አንድ አሥረኛ። መለጠጡ ከምንጨቃ ያድነናል፤ ሲበጠስ የሚገርፈንም ያው መለጠጡ ነው። ስለዚህ የገመድ ምርጫ ብቻውን አያድንም፤ ሰው የሚቆምበት ቦታም አብሮ መታሰብ አለበት።

«ናይሎን ይሻላል ወይስ ገበያ ላይ የሞላው ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ?» (ዓሣ አስጋሪ፣ ሐዋሳ)

ለመጎተት ናይሎን። ሰማያዊው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ ላልቶ ሳለ ወደ ሞተሩ ቀዛፊ አይሰምጥም። ይህ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ድክመቱ ፀሐይ ነው። የእኛ ሐይቆች ከፍታ ላይ ስለሆኑ የፀሐዩ ጨረር ከባሕር ጠረፉ ይበረታል፤ ጀልባ ላይ ተጥሎ የሚከርም ፖሊፕሮፒሊን ቀለሙ ሳይለቅ እንኳ ጥንካሬው ይሟሽሻል። በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት፤ ጭረቶቹ እየተሰባበሩ እንደ ዱቄት ከረገፉ ለመጎተት መዋሉ ይብቃ። ናይሎን ደግሞ ይሰምጣል፣ ሲረጥብም ከ10 እስከ 15 በመቶ ጥንካሬውን ያጣል፤ ይህን አስቀድመው ይቀንሱለት። ለሁለቱም፣ ሻጩ ከሚነግርዎት የመበጠሻ ክብደት ከአምስት አንዱን ብቻ የሥራ ጭነት አድርገው ይያዙ። ናይሎኑን ለብቻው፣ ጥላ ውስጥ፣ ለመጎተት ብቻ ያስቀምጡት። መልሕቅ ያሰረ፣ ዕቃ ያሰረ ገመድ ምን እንደደረሰበት ማንም አያውቅም።

«ቋጠሮ ገመድ ያዳክማል ይባላል። በምን ያህል?» (ከዚሁ ከሐዋሳ)

ቦውላይን የሚባለው፣ ተወጥሮም የሚፈታው የቀለበት ቋጠሮ ከገመዱ ጥንካሬ 60 በመቶ ገደማ ያስቀራል። ጫፉ ተፈትቶ በራሱ ላይ የተጎነጎነ ቀለበት ግን 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይይዛል። ምክንያቱ መታጠፉ ነው፤ በጠባብ መታጠፊያ ላይ የውጭዎቹ ጭረቶች ጭነቱን ብቻቸውን ይሸከሙና አስቀድመው ይበጠሳሉ። ሁለት ገመድ መቀጠል ካስፈለገ ሁለት ቦውላይን አጠላልፈው ያስሩ።

«ትንሽ ጀልባ አለን። የጎረቤታችንን ስንጎትት ከኋላ ካሉት ሁለት ማሰሪያዎች ገመድ አውጥተን መሐል ላይ እናገናኛለን። ትክክል ነው?» (ሚኒሶታ)

ትክክል ነው፤ ጭነቱን ለሁለት ይከፍላል፣ ገመዱንም ከሞተሩ ያርቃል። ወሳኙ አንግሉ ነው። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው አንግል 60 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ እግር የጉተታውን 58 በመቶ ይሸከማል። 90 ሲሆን 71 በመቶ። 120 ሲደርስ እያንዳንዱ እግር ሙሉውን 100 በመቶ ስለሚሸከም ሁለት መሆናቸው ምንም አልጠቀመም፤ በ150 ደግሞ ወደ 193 በመቶ ይወጣል። እግሮቹን አስረዝመው ከ60 ዲግሪ በታች ያድርጉት። በሚጎተተው ጀልባ ላይ ደግሞ ከላይ ካለው ማሰሪያ ይልቅ በመኪና ሲጎተት የሚታሰርበትን፣ ከአፍንጫው ሥር ዝቅ ብሎ ያለውን የብረት ቀለበት ይጠቀሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራው እሱ ነው። ገመዱ ጠርዝ የሚነካበት ቦታ ሸራ ይጠቅልሉበት። የላስቲክ ቱቦም ይሠራል፤ ነገር ግን ውኃ ስለማያስገባ ሙቀቱን ያፍነዋል፤ ናይሎን ደግሞ በመፋተግ ከውስጥ ይግላል።

«የማሪታይም ትምህርት ጨርሼ መርከብ ላይ እየሠራሁ ነው። ወለሉ ላይ በቢጫ ቀለም የተሠመረ የአደጋ ክልል አለ። ከመሥመሩ ውጭ ከቆምኩ ደኅና ነኝ?» (ባሕር ላይ ያለ አንባቢ)

አይደሉም፤ በመሥመሩ አይተማመኑ። ገመድ ቀጥ ብሎ የሚመለሰው ቀጥ ብሎ ተወጥሮ ከነበረ ብቻ ነው። በምሰሶ ወይም በሮለር ላይ ታጥፎ ካለፈ የተበጠሰው ጫፍ ማጠፊያውን ዞሮ ይገርፋል፤ የት እንደሚደርስም የሚወስነው የተበጠሰበት ቦታ ነው። ገመድ ሲወጠር ጠቅላላ የማሰሪያው ወለል አደገኛ እንደሆነ አድርጎ መቁጠር ይሻላል።

የማይለጠጥ ገመድ አይመለስም የሚለውም እምነት ሰው አስጎድቷል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2015 ዛርጋ የተባለችው የጋዝ ጫኝ መርከብ በዌልስ ሚልፎርድ ሄቨን ስትታሰር ገመድ ተበጥሶ የፊት ለፊቱን ሥራ የሚመራውን መኮንን ጭንቅላቱ ላይ ክፉኛ ጎዳው። ዋናው ገመድ ብዙም የማይለጠጠው የዳይኒማ ዓይነት ነበር፤ ጫፉ ላይ ግን 22 ሜትር የሚለጠጥ ገመድ ተቀጥሎበት ነበር። ጉልበቱን ያጠራቀመው ቅጥያው ነው። እርስዎም ቅጥያ ያለውን ገመድ ሁሉ እንደሚለጠጥ ይቁጠሩት።

ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት፣ ሶላስ፣ መርከቦች ሁሉ የማሰሪያ ገመዶቻቸውን እንዲመረምሩና እንዲመዘግቡ ያስገድዳል። መዝገቡን ለማየት ይጠይቁ። ሲመረምሩ ድሩን ከፈት አድርገው ውስጡን ይመልከቱ፤ ነጭ ዱቄት ካለ ጭረቶቹ እርስ በርስ ተፋጭተዋል። የሚያብለጨልጭ፣ የደረቀ ቦታ ካገኙ ቀልጦ የረጋ ነው።

«የጎተትነው ጀልባ ወደ ጎን ሲስበን የእኛ ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም። ያን ጊዜ ገመዱን መቁረጥ ነበረብን?» (አርባ ምንጭ)

ነገሩ በትላልቆቹ ጎታች ጀልባዎችም የታወቀ ገዳይ ነው፤ ገመዱ ከኋላ ሳይሆን ከጎን ሲስብ ጀልባው ይጋደማል። ሚያዝያ 12 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ ሼትላንድ ደሴቶች በስተምዕራብ ቡርቦን ዶልፊን የተባለችው መርከብ መልሕቅ ስታንቀሳቅስ የሰንሰለቱ ጉተታ ወደ ጎን አጋድሞ ገለበጣት፤ ከ15 ሰዎች 8ቱ ሞቱ።

መቁረጥ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ነዳጁን ይቀንሱ፤ ውጥረቱ ይላላል፣ ከዚያ ይፍቱ። ይህ እንዲሆን ገመዱን ስታስሩ ማሰሪያው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምዝዙትና የመጨረሻውን መቆለፊያ ቋጠሮ አታድርጉበት፤ ሲላላ በአንድ እጅ ይፈታል። አንድ ሰው በጎን በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ ከገመዱ መሥመር ውጭ ሆኖ ይጠብቀው፤ እግሩ በተጠቀለለው ገመድ ቀለበት ውስጥ አይሁን። ተሳፋሪዎች ሁሉ ወደ ፊት ይሂዱ። ጀልባው ሊገለበጥ ከደረሰና መፍታት ካልተቻለ ባለ መጋዝ ጥርስ ቢላ ይሻላል፤ ማሰሪያው ብረት ሥር፣ ከታሰረበት በጣም ቀርቦ፣ ፊትን ወደ ጎን አድርጎ ይቆረጥ። ቢላዋ ከሌላኛው ጀልባ ሳይሆን ከጎታቹ ጀልባ፣ ከማሰሪያው አጠገብ ተሰቅሎ ይቆይ።