ፈተናው፣ ጾሙና ጉዞው፦ ከፓዶቫ ለጻፈችልን የምንጃር ልጅ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደብረ ብርሃን ደርሶኛል። የምንጃር ሸንኮራ ልጅ መሆንሽን፣ የእጽዋት ሳይንስ አራተኛ ዓመት ላይ ሳለሽ ለአንድ ሴሚስተር በልውውጥ ወደ ጣሊያን፣ ፓዶቫ ከተማ መሄድሽን፣ በጥርም ሦስት ፈተና እንደሚጠብቅሽ ጽፈሻል። የክፍል ጓደኞችሽ ከእኛ ገና ማግስት ጀምሮ ፓሪስና ባርሴሎና ደርሶ ለመመለስ ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት አግኝተው መልስሽን እየጠበቁ ነው። ከፈተናዎችሽ አንዱ ጥምቀት ላይ ይውላል። ከሄድሽ ወዲህ ረቡዕና ዓርብን መጾም ትተሻል፤ የነቢያት ጾምም ገብቶ አልጀመርሽም፤ ይህንንም ለእናትሽ አልነገርሻቸውም። መጨረሻ ላይ “ከፈተናው፣ ከጾሙና ከጉዞው የትኛውን ልተው?” ብለሽ ጠይቀሽኛል።

አንዱንም አትተዪ። ቅደም ተከተሉን ግን አስተካክዪ። ወደ ውጭ የሚሄዱ ልጆቻችን ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚቆርጡት ቲኬቱን ነው፤ ዋጋው ነገ ይጨምራል ስለሚባል ያስቸኩላል። በተረፈው ቀን ያጠናሉ፤ በዓሉና ጾሙ ደግሞ ጊዜ ከተገኘ ነው። አንቺ ገልብጪው። ወረቀት አውጪና መጀመሪያ ከቦታው የማይነቃነቀውን ጻፊ። እሱም በዓሉ ነው። ፈተናው ባለሽበት አገር ይንቀሳቀሳል፤ ጉዞው ደግሞ ከሁሉ በላይ ይንቀሳቀሳል።

ገና በእነርሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ነው። የጣሊያን የበዓል ዕረፍት ጃንዋሪ 6 ላይ ስለሚያበቃ ገናችን ሰው ሁሉ ወደ ሥራው የሚመለስበት ቀን ይሆንብሻል። ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈችበት ማግስት ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ስለዚህ ከስልክሽ ላይ ብቻ አትይዪ፣ ከአገር ቤት መቁጠሪያ ጋር አስተያዪው። የምንጃሩን የኢራንቡቲ ጥምቀት እያየሽ ያደግሽ ልጅ፣ 44ቱ ታቦታት በሚወርዱበት ቀን ፈተና ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ ልብሽ እንዴት እንደሚሆን ይገባኛል። ደግሞም መቀመጥ የለብሽም።

የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ሥርዓት ከእኛ የተለየ ነው። እኛ ዘንድ ትምህርት ክፍሉ አንድ ቀን ይለጥፋል፣ በዚያ ቀን ትፈተኛለሽ። እዚያ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ በሚከፈተው የፈተና ወቅት ለአንድ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቀን ይመደባል፤ “አፔሎ” ይሉታል። ተማሪው ከተሰጡት ቀኖች የሚሻለውን መርጦ በኢንተርኔት ይመዘገባል። ምዝገባው ከፈተናው ቀናት ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ያመለጠው ቀጣዩን ይጠብቃል። ስለዚህ የጥምቀቱን ፈተና ሁለተኛ ቀን እንዳለው ዛሬውኑ ተመልከቺ። ከሌለው ለመምህሩ አጭር ደብዳቤ ጻፊ፤ የበዓሉን ስምና ቀን ገልጸሽ ሌላ ቀን ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ልመና አይደለም፣ ጥያቄ ነው። አሁን ስትጠይቂና በዋዜማው ስትጠይቂ የምታገኚው መልስ አንድ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የጣሊያን ተማሪ ያገኘው ውጤት ካልጣመው በሌላ ቀን እፈተናለሁ ብሎ ሊተወው የሚችልበት ልማድ አለ። እሱ በሰኔም በመስከረምም እዚያው ነው። አንቺ በየካቲት ትመለሻለሽ። ውጤቱ ከ30 ነው፣ ማለፊያው 18፤ 24 አግኝተሽ 28 ይሻለኛል ብለሽ አትመልሺው።

ሁለቱ ፈተናዎች የቃል መሆናቸው አስፈርቶሻል። እንዲያውም የኔታ ፊት ቀርቦ የተማረውን እንደሚያሰማ የቆሎ ተማሪ አድርገሽ ብታስቢው አገሩ ያንቺው ነው። የቃል ፈተናው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ሌላው ሲፈተን ገብተሽ ማድመጥ ትችያለሽ። አንድ ጠዋት ከኋላ ተቀመጪ። መምህሩ ምን ብሎ እንደሚጀምር፣ ተማሪው ሲጠፋበት እንዴት እንደሚመራው፣ ሥዕል ወይም ቀመር በወረቀት ላይ ሲያስጽፍ ልብ በዪ። አንዳንዱ መምህር “ከፈለግሽው ርዕስ ጀምሪ” ይላል፤ ለዚህ አንድ ርዕስ ጥርት አድርገሽ አዘጋጂ፤ ለምሳሌ ከልጅነትሽ የምታውቂውን የጤፍ አስተራረስ ከኮርሱ ጋር አያይዘሽ። ከዚያ በር ዘግተሽ ድምፅሽን አውጥተሽ ተናገሪ። በዓይን ብቻ የተነበበ ነገር አፍ ላይ ሲደርስ ይበተናል። 6 ክሬዲት ያለው ኮርስ እዚያ አገር በ150 ሰዓት ሥራ ይታሰባል፤ ክፍል ውስጥ የምትቀመጪው የዚያን ሲሶ ገደማ ነው። ከቀሪው ሰዓት ገና ያልሠራሽውን ከጃንዋሪ 8 ጀምሮ ባለው ሳምንት ካላጠናሽው ከሌላ የትም አታገኚውም።

እንግዲህ የፓሪሱን ጉዞ በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ አሁን አትሂጂ። ጓደኞችሽን ላስቀይም ብዬ አይደለም፤ ያ ሳምንት የጥናትሽ ሳምንት ስለሆነ ነው። ደግሞ ያላነሣሽው ጉዳይ አለ። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻሽን በፖስታ ቤት አስገብተሽ ካርዱን እየጠበቅሽ ከሆነ ቪዛሽ እስከ መቼ እንደሚያገለግል እዪ። ቪዛው ካለፈ ማመልከቻውን ስታስገቢ በተሰጠሽ ደረሰኝ ብቻ ወደ ፈረንሳይም ወደ ስፔንም መሻገር አይቻልም። ርካሹ ቲኬት ያን ጊዜ እጅግ ውድ ይሆናል።

ጾሙን በተመለከተ መጀመሪያ ለንስሐ አባትሽ ደውዪ። የተተወውን እንዴት ትክሺ፣ በመንገድና በፈተና ሳምንት ምን ይደረግ የሚለውን የሚፈቱት እሳቸው እንጂ እንደ እኔ ያለ የሙያ አማካሪ አይደለም። ለእናትሽም ንገሪያቸው፤ ካንቺ ሲሰሙትና ከሌላ ሲሰሙት አንድ አይደለም። እኔ የማግዝሽ በሳህኑ ነው። የተማሪዎች ምግብ ቤቱ “ሥጋ የሌለው” የሚለው ምግብ አይብና ቅቤ ሊኖርበት ስለሚችል ያ ቃል ብቻ አይበቃሽም። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ፓስታ በቲማቲም አዝዘሽ “ሴንሳ ፎርማጆ” በዪ፣ አይብ እንዳይነሰነስበት። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው፤ አይብ የለበትም። ምስርና ሽምብራ ከየሱቁ ታገኛለሽ፤ የምንጃር ልጅ በሽምብራ አትቸገርም። ከቤት ሽሮና በርበሬ ቢላክልሽ መልካም፤ ቅቤና ቋንጣ ግን እንዳይጨምሩ ንገሪያቸው፣ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚገባ የሥጋና የወተት ውጤት ይከለክላል። ለጥምቀት የእኛን ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ካጣሽ የግብፅ ኮፕቶችም ኤርትራውያንም በእምነት አንድ ነን፣ ቀኑም አንድ ነው።

አሁን ወደ መጎብኘቱ ልምጣ፤ ይህንን እንደ ቅንጦት አላየውም። ፓዶቫ ውስጥ በ1545 የተመሠረተ የዩኒቨርሲቲ የእጽዋት አትክልት ቦታ አለ፤ በመጀመሪያ ቦታው እስከ ዛሬ የዘለቀ ከእሱ የሚቀድም የለም። በ1585 የተተከለ ዘንባባ እዚያው በመስታወት ቤት ቆሟል። የእጽዋት ሳይንስ ተማሪ ሆነሽ ይህን ሳታዪ ባርሴሎናን ብታዪ እኔ እቆጭልሻለሁ። ማስታወሻ ደብተር ይዘሽ ግቢ፤ የእጽዋቱ ስም፣ ምድብና መግለጫ እንዴት እንደተጻፈ አስተውዪ፣ ያላወቅሽውን ለሠራተኞቹ አንሺ። ነገ ምርምር ማዕከል ለሥራ ስትወዳደሪ “እዚያ ምን አየሽ?” ብለው ሲጠይቁሽ የምትናገሪው ይኖርሻል። ቬኒስም በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት፤ የቅዳሜ ከሰዓት መንገድ ናት እንጂ የሳምንት አይደለችም።

ትልቁን ጉዞ ከመጨረሻው ፈተና በኋላ አድርጊው፤ ምክሬን ከተቀበልሽ ደግሞ ሮም ይሁን። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን፣ የዚሁ የሰሜን ሸዋችን ሰው፣ በ1548 እና 1549 በእነርሱ አቆጣጠር ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት ሮም ውስጥ ነው። አገር ቤት በጦርነት ስትነድ ባሕር ተሻግረው የሰው ቋንቋ ተማሩ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ሠሩ፣ ከፊደላቸውም ሳይለዩ። ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩበት የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አሁን በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ እንዲያው ሰተት ተብሎ አይገባም፤ መጎብኘት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ከመመለስሽ በፊት ደግሞ የኮርስ ለውጥ አድርገሽ ከሆነ የትምህርት ስምምነቱ ላይ፣ ማለትም በልውውጡ የምትወስጃቸው ኮርሶች በተዘረዘሩበት ሰነድ ላይ፣ በሁለቱም ዩኒቨርሲቲ መፈረሙን አረጋግጪ። ያልተፈረመበት ኮርስ እዚህ ሬጅስትራር ሲደርስ ብዙ ያመላልሳል። የውጤት መግለጫሽ ለማን እንደሚላክ ጠይቂ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽን መምህር ፈተናው እንዳለቀ በአካል አነጋግሪው፤ አገር ቤት ገብተሽ በኢሜይል ከምትጠይቂው ያኔ ፊትሽንም ሥራሽንም ያስታውሳል። የሦስቱን ፈተና ቀኖች መርጠሽ ስትመዘገቢ ላኪልኝ፣ የጥናቱን ሰሌዳ አብረን እናወጣለን።