መልስ፦ የኤስኤምኤስ ሪሌዩን በአይፒ ወይስ በቶክን?
ወንድሜ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የማኅበሩን የበቆሎ ዋጋ ኤስኤምኤስ የሚያስተላልፈውን ሰርቨር በአይፒ ዋይትሊስት (የተፈቀዱ የኢንተርኔት አድራሻዎችን ብቻ በማስገባት) ላድርገው ወይስ በቶክን (እንደ ይለፍ ቃል በሚያገለግል ሚስጥራዊ ኮድ) ላልከው፣ ባክህ በቶክን አድርገው። የቡሬና የደምበጫ ቅርንጫፍ ልጆች በሞባይል ዳታ ነው የሚገቡት፣ አይፒው ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ነው፣ ደሞ ባንድ አይፒ ስንት የማታውቀው ሰው አብሮ ይወጣል። ለየቅርንጫፉ የራሱን ቶክን ስጥ፣ 32 ባይት ራንደም ይበቃል፣ ዳታቤዝ ላይ ሃሹን (ወደ ቶክኑ መልሶ የማይቀየረውን አሻራ) ብቻ አስቀምጥ። ዩአርኤል ላይ ግን እንዳትለጥፈው አደራ፣ አክሰስ ሎግ (ሰርቨሩ የሚመጣለትን ጥያቄ የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ እንዳለ ቁጭ ይላል፣ ኦቶራይዜሽን ሄደር (ከጥያቄው ጋር የፈቃድ መረጃ የሚላክበት ክፍል) ውስጥ ይግባ፣ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ከሌለህ ደሞ ሁሉም ከንቱ ነው። ቶክን ለሌለው 401 (ማንነትህ አልተረጋገጠም)፣ ቶክን ኖሮት ላልተፈቀደ ቁጥር ሊልክ ለሞከረ 403 (አልተፈቀደልህም) የሚለውን የስህተት ኮድ መልስ። ሬት ሊሚትም (በተወሰነ ጊዜ የሚላከውን ብዛት መገደብ) አትርሳ፣ ባማርኛ ስትጽፍ አንዱ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ብቻ ስለሚይዝ ሂሳቡ ሳታስበው ይቆለላል። ስልክ የጠፋበት ቅርንጫፍ ካለ የሱን ቶክን ብቻ ትሰርዛለህ፣ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።