ዓመቱን ተይው፣ ጀርባውን እዪ

እህቴ፣ ዮርክሻየር (ሰሜን እንግሊዝ) ውስጥ ለጨረታ የቀረበ፣ ኦክ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ ሣጥን አይተሽ፣ ፊቱ ላይ 1684 ስለተቀረጸበት «እውነት የዚያን ጊዜ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። በፎቶ መፍረድ ይከብዳል። ግን እዚህ እንግሊዝ የድሮ የቤት ዕቃ ጥገና ላይ ብዙ ስለዋልኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ዓመቱን እርሺው። ሣጥኑ አሮጌ ሆኖ ፊቱ ላይ የተቀረጸው ግን አዲስ ሊሆን ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ቅርጽ የበዛበት የድሮ ዕቃ ፋሽን ነበር። ብዙ ልሙጥ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሣጥን መሮ ይዘው ቀረጹት። ዓመትና የስም ፊደል ጨመሩበት፤ ገዢ ደስ ይለው የለ!

እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ። 1671 የሚል ሣጥን ገዝቼ እየፈነደቅኩ ቤት አስገባሁ። ማታ ባትሪ በጎን አብርቼ ሳየው፣ ከተቀረጸው አበባ ሥር ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ የነቀዝ መንገድ እንደ ቦይ ተከፍቶ ይታያል። ነቀዝ የሚቆፍረው ውስጥ ለውስጥ ነው፤ ሲወጣ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚተወው። ቦዩ ከላይ ከታየ፣ እንጨቱ ከተበላ በኋላ መሮ አልፎበታል ማለት ነው። በቃ፣ ዋጋው እዚያው ወረደ።

ስለዚህ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን እዪ። የዚያን ጊዜ አናጺዎች ሳንቃውን የሚያወጡት ግንዱን ፈልጠው ወይም በእጅ መጋዝ ሰንጥቀው ነው። እጅሽን ብታሳልፊበት አንዱ ጋ ወፍራም፣ ሌላው ጋ ቀጭን ይሆንብሻል። ቅስት ቅስት የሆነ የመጋዝ ጭረት ካየሽ ግን የሚሽከረከር መጋዝ ሥራ ነው፤ ያ እንጨት ከ1684 ጋር አይገናኝም። መጋጠሚያውንም ዳብሺው። የሚያዘው በኮላ ሳይሆን በእንጨት ችንካር ነው። ችንካሩ በእጅ ስለተጠረበ ልክ ክብ አይደለም። ዙሪያው ያለው እንጨት ሲደርቅ ስለሚሸሽም ጫፉ ትንሽ ወጣ ብሎ ጣትሽን ይነካዋል።

እግሩ ወይም ክዳኑ ተቀይሮ ብታገኚው አትደንግጪ። ሣጥኖቹ እርጥብ የድንጋይ ወለል ላይ ስለሚቀመጡ እግራቸው ይበሰብስ ነበር። ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ውሸት አያደርገውም። ውስጡን ስትከፍቺ በአንድ ጎን፣ ከአፉ አጠገብ፣ ሻማና ጥቃቅን ነገር የሚቀመጥባት ትንሽ ሣጥን ልትኖር ትችላለች። እሷ ጠፍታ ከሆነም የተሰካችበት ጎድጓዳ መስመር ግድግዳው ላይ ይቀራል።

ከጨረታው በፊት ዕቃ የሚታይበት ቀን አለ። ባትሪ ይዘሽ ሂጂ፤ የጀርባውንና የቅርጹን ጎድጓዳ ቦታ ቀርበሽ አንሺና እዚህ ለጥፊው። አይቼ የመሰለኝን እነግርሻለሁ።