ጥያቄና መልስ፦ «ማን አገባ?»

ዓለም ዋንጫው ከገባ ወዲህ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ኳስ ኳስ ይላል። ስለ ጋብቻና ስለ ውርስ የጠየቃችሁኝ እስከ ሐምሌ 12 ታገሱኝ። እኔም እያየሁ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ጨዋታው ለምን በእንቅልፍ ሰዓት ሆነ?

ውድድሩ ሰሜን አሜሪካ ስለሆነ ነው፤ ኒውዮርክ ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ ማታ 3 ሰዓት ሲጀመር እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ፍጻሜው ግን ምሽት 4 ሰዓት ነው፣ አይዞህ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ሁሉንም ጨዋታ አይቼ ፈተናም ማለፍ እችላለሁ?

ዘንድሮ 48 ቡድን፣ 104 ጨዋታ ነው። መደበኛውን 90 ደቂቃ ብቻ ብናሰላ 156 ሰዓት ይመጣል። ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ስድስት ቀን ተኩል ማለት ነው። ሒሳቡን ራስህ ብትሠራው ለፈተናውም በጠቀመህ።

ከደሴ፣ የ61 ዓመት አባት

የደም ግፊት ኪኒናቸው ሽንት ያመላልሳቸዋል። አንዴ ወጣ ሲሉ ጎል አመለጣቸው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ባለበት ቀን አይውጡትም። «ችግር አለው?» ይላሉ።

አለው እንጂ አባቴ! በ1998 (በፈረንጆቹ 2006) ጀርመን ዓለም ዋንጫውን ስታዘጋጅ በሙኒክ አካባቢ ሐኪሞች ቆጥረው ነበር። ጀርመን በተጫወተችባቸው ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም ከሁለት እጥፍ በላይ ጨምሯል። እርስዎ ደግሞ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ያቆማሉ። ነገ ጠዋት ሐኪምዎ ጋ ይሂዱና ያፈሩበትን ነገር ሳይደብቁ ይንገሩት። ምናልባት የሚወስዱበትን ሰዓት ይቀይርልዎታል። ደረትዎን ከተጫነዎት፣ ክንድዎን ከጠዘጠዘዎት ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎት ግን እረፍት እስኪወጡ አይጠብቁ። ወዲያው ሆስፒታል!

ደመወዜን ውርርድ በላው። በሚቀጥለው ጨዋታ ላስመልስ?

አታስመልስም። የቀረህን ለሚስትህ ስጣት። መተው ካቃተህ የሥነ አእምሮ ባለሙያ አለ።

ከደሴ፣ ጀበና ቡና የምትሸጥ እህት

ቦታዋ ዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ ነው። ጩኸቱን ትሰማለች፣ የምታየው ግን የወንዶቹን ጀርባ ብቻ ነው። ጎል ሲገባ «ማን አገባ?» ብላ ትጠይቃለች። «ምን ይሠራልሻል? ቡናውን ቅጂ» ይሏታል። ኳስ ትወዳለች። ነውር ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እህቴ፣ ነውሩስ የመላሾችሽ ነው።

መስከረም 15 ቀን 1993 ትዝ አለኝ። ሰኞ ነው፣ ገበያ ነው፣ ደመራ ነገ ነው። ኃይሌ ሲድኒ ላይ 10 ሺህ ሊሮጥ ነው። ሰፈራችን ያለው አንድ ቴሌቪዥን መስኮት ላይ ወጥቷል። ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ሸክማቸውን አውርደው ቆሙ። አንዷ ዶሮዋን በብብቷ ይዛለች። የመጨረሻው ዙር ላይ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት አፈተለከ። ዝም አልን። ኃይሌ መስመሩ ላይ ደረሰበትና በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። እኛ ወንዶቹ ጮህን። ያን ቀን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው ግን የእናቶቹ እልልታ ነው። ዶሮዋም አምልጣ ነበር፣ ፍለጋውን አብረን ወጣን።

ያኔ ለማየት መቆም ይበቃ ነበር። ዛሬ መግቢያ ተከፍሎ፣ አግዳሚ ተደርድሮ ቤቱ የወንድ ሆኗል። አትግቡ የሚል የለም። ግን የሚጠጋላችሁም የለም።

ስለዚህ ባለቤቱን አናግሪው። «ረከቦቴን ውስጥ ላድርግ» በይው። የደሴን ብርድ ያውቀዋል፣ ደንበኛው ትኩስ ቡና እየጠጣ ሲያመሽ እሱም ይጠቀማል። አንቺ ፊት ለፊት የሚታይ ቦታ ያዢ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለሽ፣ እዚያው አፍልተሽ ጀበናውን ብቻ ይዘሽ ግቢ፣ በተዘጋ ቤት የከሰል እሳት ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ለብቻ መግባት ከከበደሽ ሁለት ጓደኛ ይዘሽ ግቢ። እምቢ ካለሽ ጻፊልኝ። እኔ ራሴ መጥቼ አናግረዋለሁ፣ ቡናሽንም እጠጣለሁ።

አዲስ የተወለደው ልጄን በተጫዋች ስም ልጠራው ስል አያቱ ተቆጡ።

አያቱን ስማ። ተጫዋችህ ነገ ፔናሊቲ ሊስት ይችላል።