መጎተቱን ይጎትታል፤ ማቆሙስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የእህቴ ባል ኮሮላ ካምቢዮዋ ተበላሽቶ ቆማለች፤ አውቶማቲክ ናት። የሚያምነው መካኒክ አዳማ ስላለ እዚያ ላደርስለት ቃል ገብቻለሁ። ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ የሚያከራይ ሰው አግኝቻለሁ። እኔ ባለ 2.5 ዲዝል ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። ጓደኞቼ «ሃይሉክስ ምን ይሳነዋል» ይሉኛል፣ ባለቤቴ ግን ፈርታለች። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጓደኞችህ አልዋሹም፣ ሃይሉክስ ይጎትታል። ባለቤትህ የፈራችው ግን የሚፈራውን ነገር ነው። እስቲ ክብደቱን እንደምረው። ኮሮላዋ ወደ 1,100 ኪሎ ትሆናለች። እንዲህ ያለ የብረት ተሳቢ ባዶውን 800 ኪሎ ቢመዝን አይገርምም። ሲደመር 1,900 ኪሎ ነው፣ ማለትም ከኋላህ ሌላ ሃይሉክስ የሚያህል ክብደት ታስሯል፣ እና ፍሬን ስትይዝ ያ ሁሉ ወደፊት ይገፋሃል።

ስለዚህ ተሳቢውን ለማየት ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ፍሬን አለው ወይ?» ብለህ ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሃይሉክስ የተለመደ ገደብ 750 ኪሎ ነው፤ ባዶው ተሳቢ ብቻ ያልፈዋል። ፍሬን ላለው ግን ገደቡ እንደ ሞዴሉና እንደ ዓመቱ ስለሚለያይ የራስህን መኪና መመሪያ መጽሐፍ አይተህ አረጋግጥ፣ የጎረቤትህ ሃይሉክስ የሚችለውን ያንተ ላይችል ይችላል። አንዳንዱ ተሳቢ ፒካፑ ፍጥነት ሲቀንስ በራሱ ግፊት ፍሬኑን ይይዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ጋቢና ውስጥ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። አከራዩ «ፍሬኑ አለ ግን አይሠራም» ካለህ፣ ዋጋውን ቢቀንስልህም ተወው። ይህን ስጽፍ አንድም ቦታ አልለሳለስም፤ ሻሸመኔ ውስጥ ባጃጅ ድንገት ሲገባብህ ወይም ከብት መንገድ ሲያቋርጥ የሚያድንህ ይኸው ፍሬን ነው።

ቀጥሎ ጭነቱ የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ ሰው ብዙ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢው የፒካፑን ኋላ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ፍጥነት ስትጨምር ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ መሪው ያንተ አይሆንም። ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ መጎተቻው ኳስ ላይ፣ ማለትም ተሳቢው ፒካፑ ላይ በሚገጠምበት ቦታ፣ ቢያርፍ ጥሩ ነው፣ በአንተ ሒሳብ ወደ 190 ኪሎ መሆኑ ነው። የመጎተቻህን ገደብ እንዳያልፍ እይ፤ ይህ ክብደት ፒካፑ ላይ እንደተጫነ ስለሚቆጠር ስፖንዳ ውስጥ ሌላ ዕቃ አታብዛ። የኮሮላዋ ሞተር ከፊት ስለሆነ ፊቷን ወደ ፒካፑ አድርገህ ጫናት፣ ከዚያ ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ እያደረግህ አስተካክል። የፒካፑ ኋላ በመጠኑ ዝቅ ማለት አለበት። ባሌስትራው እስኪተኛ ከወረደ ግን በዝቷል።

ለማሰር ባለ መቆለፊያ የጭነት ቀበቶ ተጠቀም፤ ተራ የናይሎን ገመድ እየተለጠጠ ይላላል። አራቱንም ጎማ እሰር፣ የኮሮላዋን እጅ ፍሬን ያዝ። ከመጎተቻው በታች ሁለት የደህንነት ሰንሰለቶች ተጠላልፈው ይታሰሩ። የፍሬን መብራቱንና ፍሬቻውን ሌላ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይልህ። ለኢንሹራንስህም ደውልና ተሳቢውን ይሸፍን እንደሆነ ጠይቅ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መንገዱ እንግዲህ ታውቀዋለህ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ነጌሌ አርሲ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ላንጋኖ ይወርዳል። ቁልቁለቱን ከመጀመርህ በፊት ማርሽ ቀንስ። ፍሬን ላይ ተጭነህ ከወረድክ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። ከ70 አትለፍ። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን አትርገጥ፣ «ፍጥነት ብጨምር ይስተካከላል» የሚለውንም አትስማ፤ ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ከሐዋሳ ከወጣህ ብዙ ሳትርቅ አንዴ ቁምና ቀበቶዎቹን አጥብቅ፣ እጅህንም ወደ ተሳቢው ቸርኬዎች አስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ኩሽኔታው ወይም የተያዘ ፍሬን ነው፣ በዚያ ሁኔታ አትቀጥል።

ባለቤትህ አብራህ ከመጣች ደግሞ ጥሩ ነው፣ የምትፈራ ሰው ኋላውን በደንብ ታያለች።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ጣጣ ትቶ በገመድ መጎተት አይቻልም? (ጠያቂው ከአዳማ)

መልስ፦ በሠፈር ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንዋል መኪና ከሆነ ሰው ያደርገዋል። አውቶማቲክ ግን የሚነዱት ጎማዎቿ መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ሞተሯ ከጠፋ ካምቢዮው ዘይት አይደርሰውም፣ እየተፋጨ ያልቃል። ሊጠገን የሚችለውን ካምቢዮ በመንገድ ላይ ይጨርሱታል። ሌላም አለ፤ ሞተር ሲጠፋ የኋለኛዋ መኪና ፍሬንና መሪ ይከብዳሉ፣ መሪ የያዘው ሰው በአንድ ገመድ ርቀት ላይ ነው ያለው። ተሳቢ ካልተገኘ መኪና የሚጭን ጠፍጣፋ የጭነት መኪና ተከራዩ። ወጪው ከፍ ይላል፣ ከካምቢዮ ዋጋ ግን ያንሳል።