ትከሻው አለ፣ ወለሉ የለም፦ ከጅማ ተወዛዋዥ ጋር ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ ውዝዋዜ አስተምራለሁ፤ ለሠርግም እጠራለሁ። የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ እነሆ። «አግብተሻል ወይ?» የሚለውን ግን ዘልዬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ማንን አይተሽ ጀመርሽ?

መልስ፦ አያቴን። ቡና ስትወቅጥ ሙቀጫው ምት ነበረው፤ ትከሻዋም ከዘነዘናው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ቀጥሎ የሠርግ ቤት ድቤ መጣ። ከዚያ ደግሞ የጎረቤታችን የዳውሮ ዲንካ። ከሰው ቁመት የሚረዝም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ብዙ ሆነው እየተቀባበሉ ይነፉታል። መጀመሪያ ስሰማው እግሬ ከኔ ቀድሞ ተነሳ።

ጥያቄ፦ ከዛሬዎቹስ?

መልስ፦ መላኩ በላይ። ካዛንቺስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት በሽልማት ብቻ እየጨፈረ ኖሮ፣ በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ የባህል ማዕከል ያደረገው። ትከሻው ከማሲንቆ ጋር ያወራል።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ልማር ትላለች፤ አባቷ እምቢ አሉ።

መልስ፦ አይፍረዱባቸው። የኔም አባት «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብለው ሁለት ዓመት አኩርፈውኝ ነበር። ልምምዳችን ቀን ነው፤ ለሴቶች ብቻ የሆነ ሰዓትም አለን። ሁለታችሁም መጥታችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ትምህርቷን ካስተጓጎለ እኔው አስወጣታለሁ።

ጥያቄ፦ ለሠርግ ስንት ነው?

መልስ፦ እንደ ርቀቱ። ሽልማት ለብቻው ነው፤ ብሩን በምራቅ ግንባሬ ላይ ባትለጥፉት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ መድረክ ላይ የሁሉም ብሔረሰብ ጭፈራ አንድ ዓይነት የሚመስለኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ አንድ ዓይነት አድርገነው ነዋ! ሸጎዬ የሐረርጌ ነው፤ ፊት ለፊት ቆመው በአንገትና በጭንቅላት ይሉታል። የሸዋ ኦሮሞ ረገዳ ከእግር ይነሳል። የወላይታው ወገብ ነው። እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ፈገግታ እናስነካዋለን፤ የሚለወጠው ልብሱ ብቻ ነው። እኔም ስንት ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ እንጀራ ነው። አሁን ተማሪዎቼን መጀመሪያ ወደ ሠርግ ቤት እልካለሁ። እናቶች ጥግ ይዘው ሲጨፍሩ እዩ እላቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ለምን ተመለስሽ?

መልስ፦ አንድ የምሽት ቤት የሦስት ወር ደሞዜን በላኝ። ሴራሚክ ወለሉ ደግሞ ጉልበቴን።

ጥያቄ፦ ለጅማ ጥበብ ምን ትመኛለሽ?

መልስ፦ የሳንቃ ወለል። ሳቁ፣ ግን እውነቴን ነው። ከሥሩ ክፍተት ያለው ሳንቃ ሲዘሉበት ትንሽ ጎበጥ ብሎ ምቱን ይቀበላል፤ ሲሚንቶ ምቱን መልሶ ጉልበት ላይ ያሳርፈዋል። ስንት ጎበዝ ልጅ በ25 ዓመቱ እያነከሰ ተወው! ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ ብለን እንኮራለን። መኩራቱ ጥሩ ነው፤ ዛሬ የተወለደው ልጅ የት ይለማመድ? አዳራሽ ሲገኝ ለስብሰባ ተይዟል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚጠርቡ እጆች ያሉበት ከተማ ነው፤ ወለል ማንጠፍ አያቅተውም።

ጥያቄ፦ 43 ዓመቴ ነው። አልረፈደብኝም?

መልስ፦ ኧረ ምን ሲደረግ! ቅዳሜ ከሰዓት ሰፋ ያለ ልብስ ለብሰው ይምጡ። ጫማ አያስፈልግም። ካርቶን አንጥፈን ነው የምንለማመደው፤ አንድ ይዘው ቢመጡ አልጠላም።